የተቆረጠው ፎቶ፦ ስለ ታ ፕሮም «ዳይኖሰር» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። መጀመሪያ የላከልኝ የአክስቴ ልጅ ነው፤ በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ከዚያ ደግሞ የዕድራችን ጸሐፊ ላኩልኝ። ነገሩ ካምቦዲያ ውስጥ፣ አንኮር በሚባለው ጥንታዊ ከተማ፣ ታ ፕሮም የተባለ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ስለተቀረጸ አንድ ትንሽ እንስሳ ነው። እንስሳው ጀርባው ላይ ተርታውን የቆሙ ቅጠል መሰል ነገሮች አሉት። ጸሐፊው እንደሚለው ይህ እንስሳ ስቴጎሳውረስ የተባለው ዳይኖሰር ነው፤ ጠራቢው በዓይኑ አይቶ ነው የቀረጸው፤ ስለዚህ ዳይኖሰሮች ከሰው ጋር እስከ ትናንት ድረስ ኖረዋል፤ ሳይንስ የሚነግረን የሚሊዮን ዓመታት ቁጥርም ተረት ነው።

ጸሐፊውን አላውቀውም። ብዕሩ ግን ይጣፍጣል፤ የጀመረውን ሰው ሳያስጨርስ የሚለቅ አይደለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስተኛው እስክሪብቶ ይዤ ነበር። ከዚህ በታች የምታነቡት ያኔ ጠርዙ ላይ የጫርኩትን አስተካክዬ ነው።

ከነጥቦቹ በፊት ግን ስለ ፎቶው ላውራ። ከጽሑፉ ጋር የተያያዘው ፎቶ የሚያሳየው አንድ ክብ ብቻ ነው፤ በክቡ ውስጥ እንስሳው፣ ሌላ ምንም የለም። ዙሪያው ተቆርጧል። ቦታውን በሙሉ የሚያሳይ ፎቶ ፈልጎ ማግኘት ከባድ አይደለምና ፈልጌ አየሁ። ክቡ ብቻውን አይደለም። ከመግቢያ ማማዎቹ በአንደኛው፣ ሁለት ግድግዳዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ፣ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ አንዱ ከሌላው ሥር የተደረደሩ ብዙ ክቦች አሉ። በየክቡ ውስጥ እንስሳ አለ፦ ጦጣ፣ አጋዘን፣ ጎሽ፣ ወፍ። በእንስሳቱ ዙሪያና በክቦቹ መካከል የተረፈው ቦታ ደግሞ በቅጠልና በጥምዝ ተሞልቷል። የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል፤ እኛ ሐረግ የምንለው ዓይነት ጌጥ ነው። እንዲህ ያለ ጠራቢ ባዶ ቦታ አይወድም፤ ዋናውን ሥዕል ከጨረሰ በኋላ የቀረውን ክፍት ቦታ በቅጠል ይዘጋዋል። ይህን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ጽሑፉ። የመጀመሪያውና ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ «ጀርባው ላይ የቆሙት ሳህን መሰል አጥንቶች ስቴጎሳውረስ መሆኑን ያለ ጥርጥር ያሳያሉ፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ይለየዋል።»

ሕፃን ልጅ ይለየዋል ላለው፣ ሞከርኩት። እሑድ ዕለት ፎቶውን አሳትሜ እናቴ ቤት ይዤ ሄድኩ። ቡና እየቆላች ነበር። ጀርባው ላይ ያሉትን ቅጠሎች በአውራ ጣቴ ሸፍኜ «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት። መነጽሯን ፈልጋ፣ ወረቀቱን አንዴ አቅርባ አንዴ አርቃ አየችና «ከርከሮ ነዋ!» አለች። የእህቴ ልጅ በትከሻዬ በኩል አጮልቆ «አውራሪስ ነው» አለ፤ ስምንት ዓመቱ ነው። ጣቴን አነሳሁ። ልጁ ወዲያው «ዳይኖሰር!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ግን «እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ፣ ቅጠል ውስጥ የገባ ከርከሮ ነው» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ሁለት ነገር ያየው ለምንድን ነው? ልጁ የዳይኖሰር ካርቱን ሲያይ ነው ያደገው፤ አልጋው ሥር የፕላስቲክ ስቴጎሳውረስ አለው። እናቴ ያደገችው ማሳ ስትጠብቅ ነው፤ ከርከሮን ከማሽላ ስታባርር ነው ልጅነቷ ያለፈው። ሁለቱም ድንጋዩ ላይ ያዩት ቀድሞ ዓይናቸው ውስጥ የነበረውን ነው። ጸሐፊው «ሕፃን ልጅ ይለየዋል» ሲል እውነቱን ነው፤ የዘመናችን ሕፃን ይለየዋል። ጥያቄው ግን የዛሬ 800 ዓመት የነበረው ጠራቢ ዓይን ውስጥ ምን ነበር የሚለው ነው።

እሺ፣ ዓይንን ትተን አካሉን እንይ። ስቴጎሳውረስን በስም የምናውቀው እ.ኤ.አ. ከ1877 ወዲህ ነው። ስሙን ያወጣለት ኦትኒየል ቻርልስ ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን አጥንቱ የተገኘው ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በተገኙት አጽሞች ይህ እንስሳ ምን እንደሚመስል በደንብ ይታወቃል። 7 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ራሱ ከዚያ ግዙፍ አካል ጋር ሲተያይ የሚያስቅ ያህል ትንሽ ነው፤ ጠባብና ሾጠጥ ያለ ነው። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ በጣም ያጥራሉ፤ ስለዚህ ዳሌው ወደ ላይ ተሰቅሎ ራሱ ወደ መሬት ያዘቀዝቃል። ጅራቱ ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ ጦር የሚያህሉ አራት እሾሆች አሉት።

ድንጋዩ ላይ ያለው እንስሳ ግን ጭንቅላቱ ትልቅ ነው። ከራሱ ኋላ ጆሮ ወይም ቀንድ የሚመስል ነገር ወጥቷል፤ ስቴጎሳውረስ ደግሞ ቀንድም ሆነ የሚታይ ጆሮ የለውም። እግሮቹ ወፋፍራም ናቸው፤ የፊቱና የኋላው እምብዛም አይበላለጡም። ጅራቱ ላይ አንድም እሾህ የለም።

ይህ የጅራቱ ነገር ለእኔ ብቻውን ይበቃኛል። በሕይወት ያለ ስቴጎሳውረስ ፊት ለፊቱ አይቶ የተመለሰ ሰው ለጓደኞቹ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ምኑ ይመስላችኋል? ስለ ጀርባው ጌጥ ነው ወይስ ሰው ቢመታ ወግቶ ስለሚጥለው ጅራቱ? ቅርጹ ወፍራም ሆድ፣ ጉብጥ ያለ ጀርባ፣ ዝቅ ያለ ጅራት ያለው ነው። ከእህቴ ልጅ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ከአጽሙ ጋር ግን አይመሳሰልም፤ የዘመኑ ተመራማሪዎች ስቴጎሳውረስ ጅራቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ ይሄድ እንደነበር ነው የሚናገሩት።

ጸሐፊው «ጠራቢው አቅልሎ ነው የሠራው» ሊል ይችላል። ይበል። ጭንቅላቱን አገዘፈ፣ ጆሮ ጨመረ፣ እግሩን አስተካከለ፣ የጅራቱን እሾህ ተወ፤ ቅጠሎቹን ብቻ በትክክል ቀረጸ ካልን ግን ማስረጃው ወደ ቅጠሎቹ ብቻ ወረደ ማለት ነው። ቅጠል ደግሞ እዚያ ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም የሚያሳምነው ነው፤ ስለዚህ ዘለግ አድርጌ እመልሳለሁ። «የክመር ጠራቢዎች የሚያውቁትን እንስሳ ብቻ ነው የሚቀርጹት» ይላል፤ ክመር አንኮርን ያቆመው ሕዝብ ነው። «ከላይና ከታች ያሉት ጦጣ፣ አጋዘንና ጎሽ እውነተኛ ከሆኑ ይህኛው ብቻ እንዴት ምናባዊ ይሆናል?»

እዚህ ላይ የጥያቄው ሁለተኛ ክፍል ጥሩ ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ጎረቤቶቹ የአካባቢው እንስሳት ከሆኑ ይህኛውም ከአካባቢው መሆኑ አይቀርም። ግን ይህ ወደ ከርከሮና ወደ አውራሪስ ነው የሚወስደን። ጸሐፊው ከላይና ከታች ያሉትን በጽሑፍ ጠርቷቸዋል፤ በፎቶው ግን አላሳየንም። ቢያሳየን ኖሮ ያንኑ ቅጠል ከእነሱም ዙሪያ እናየው ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል ግን ፈጽሞ ልክ አይደለም። አንኮር ውስጥ ያሉ ቤተ መቅደሶች ማንም አይቷቸው በማያውቅ ፍጥረታት የተሞሉ ናቸው። ሰባት ራስ ያለው እባብ ናጋ አለ። ግማሽ ሰው ግማሽ ወፍ የሆነው ጋሩዳ አለ። ኩምቢ ያለው የባሕር አውሬ ማካራ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንበሳ አለ!

አንበሳ አልኩ እንጂ፣ ለእኛ አንበሳን ለምናውቀው የእነሱ አንበሳ ትንሽ ያስቃል። በየቤተ መቅደሱ ደረጃ ግራና ቀኝ ተጎልቶ፣ ፀጉሩ በተጠቀለለ ጥምዝ ተሠርቶ፣ ጥርሱን ገልፍጦ ይጠብቃል፤ ግማሹ አንበሳ፣ ግማሹ ውሻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ካምቦዲያ ውስጥ አንበሳ ኖሮ አያውቅም። ጠራቢዎቹ የሠሩት ከህንድ ከመጣላቸው ታሪክና ሥዕል ነው። ዡ ዳጉዋን የተባለ የቻይና መልእክተኛ እ.ኤ.አ. በ1296 አንኮር ደርሶ አንድ ዓመት ያህል ተቀምጦ ያየውን ጽፎ ትቷል። አገሩ ውስጥ ስላሉት እንስሳት ሲዘረዝር አውራሪስን፣ ዝሆንንና የዱር በሬን ይጠራል፤ ከሌሉት መካከል ደግሞ አንበሳንና ግመልን ይጠቅሳል። እንግዲህ ሰውየው የቆመበት ከተማ በድንጋይ አንበሳ የተሞላ ነው፤ እሱ ግን «አንበሳ የለም» ብሎ ጻፈ። የተቀረጸ ሁሉ ታይቷል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

ዡ ዳጉዋን ሌላም ነገር ይነግረናል። ከካምቦዲያ ወደ ቻይና የሚሸጠውን ዕቃ ሲቆጥር የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ የወፍ ላባና ሰም ይላል። ቻይና ለአውራሪስ ቀንድ ያን ያህል የምትከፍል ከሆነ፣ ለስቴጎሳውረስ የጅራት እሾህ ስንት ትከፍል ነበር? ነጋዴ ሁሉ ጫካ ውስጥ ያድር ነበር እኮ።

ታ ፕሮም ራሱም በጽሕፈት ደሀ የሆነ ቦታ አይደለም። ንጉሥ ጃያቫርማን ሰባተኛ እ.ኤ.አ. በ1186 ለእናቱ መታሰቢያ ያቆመው ገዳም ነው፤ የእኛው ቅዱስ ላሊበላ በኖረበት ዘመን አካባቢ ማለት ነው። እዚያው የተገኘው በሳንስክሪት የተጻፈ የድንጋይ ሰሌዳ የገዳሙን ሀብት አንድ በአንድ ይቆጥራል። በግቢው 12,640 ሰው ይኖር ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ 615ቱ ጨፋሪ ሴቶች ናቸው። ገዳሙን የሚያገለግሉ 3,140 መንደሮች ነበሩት። 40,620 ሉል፣ 35 አልማዝ፣ 512 የሐር መኝታ፣ 523 ጃንጥላ ይላል። ጃንጥላውን ሳይቀር የቆጠረ ጸሐፊ ነው! ዝም ማለቱ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ያልተጻፈ ሁሉ አልነበረም አይባልም። ግን በ3,140 መንደሮች አካባቢ 7 ሜትር የሚረዝም፣ ጀርባው ሳህን የተደረደረበት አውሬ ሲዞር ኖሮ፣ አንድ ጠራቢ ብቻ፣ እሱም በአንዲት ማዕዘን ላይ በሁለት መዳፍ በምትሸፈን ክብ ውስጥ ብቻ አስታወሰው ማለት ይከብደኛል። ንጉሡ አይጋልበውም? ጦርነት አይወስደውም? የክመር ጠራቢ ዝሆንን ስንት መቶ ጊዜ ቀረጸ?

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ፤ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። አንዳንድ ሰዎች ጠራቢዎቹ የዳይኖሰር አጥንት ከመሬት ሲወጣ አይተው በዚያ ተነሥተው ቀርጸውት ይሆናል ይላሉ። ጸሐፊው ይህን አይቀበለውም፤ «አጥንት ያየ ሰው ሥጋ የለበሰ እንስሳ አይቀርጽም» ይላል። ልክ ነው፤ እንዲያውም ከእሱ የበለጠ ምክንያት ልስጠው። ስቴጎሳውረስ የሚለው ስም ራሱ በግሪክኛ «ጣሪያ የለበሰ እንሽላሊት» እንደማለት ነው። ማርሽ መጀመሪያ ላይ እነዚያ ሳህኖች እንደ ጣሪያ ክዳን ጀርባው ላይ ተኝተው የሚነጠፉ መስሎት ነበር። ሙያው አጥንት ማጥናት የሆነ ፕሮፌሰር በእጁ ይዟቸው ያልገባውን አቋቋም፣ ሜዳ ላይ የተበታተነ አጥንት ያገኘ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሰው እንዴት ያውቀዋል? በጎረቤት አገር በታይላንድ የስቴጎሳውረስ ዘመድ የሆነ እንስሳ የጀርባ አጥንት መገኘቱ እውነት ነው፤ ከአንድ የጀርባ አጥንት ግን ማንም ሳህን አይገጣጥምም።

ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ በሕይወት አይቶታል» ብሎ ይደመድማል። አይደለም። በሩ ሦስት ነበር፦ በሕይወት አየው፣ አጥንቱን አየ፣ ወይም ጭራሽ ስቴጎሳውረስ አልቀረጸም። ጸሐፊው ሁለተኛውን በር ዘጋና ሦስተኛው እንዳለ ረሳው። «ከ1877 በፊት ማንም ያላወቀውን እንዴት ቀረጸው?» የሚለው ጥያቄው የሚሠራው ቅርጹ ስቴጎሳውረስ መሆኑን አስቀድመን ከተቀበልን ብቻ ነው። ልናረጋግጥ የተነሣነው ደግሞ ይህንኑ ነው።

«ሊቃውንቱ እውነቱ እንዳይወጣ ዝም ብለዋል» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ይህን ክብ ለቱሪስት ሁሉ ያስተዋወቀው፣ ስቴጎሳውረስ ይመስላል ብሎም የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጣ የአንኮር የጉዞ መመሪያ ነው፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዕድሜውን በሙሉ የክመር ጽሕፈት ሲያነብ የኖረ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። መደበቅ የፈለገ ሰው በመመሪያ መጽሐፍ አሳትሞ፣ የበሩን አቅጣጫ ሳይቀር ነግሮ በየሱቁ አይሸጥም። ዛሬ አንኮር አጠገብ ያለችው የሲየም ሪፕ ከተማ አስጎብኚዎች ሁሉ እየመሩ ወስደው ያሳያሉ። ዩኔስኮ አንኮርን እ.ኤ.አ. በ1992 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ቲኬት የቆረጠ ሁሉ ይገባል።

«ታ ፕሮም ብቻውን አይደለም» በሚለው ንዑስ ርዕስ ሥር ደግሞ ሦስት ምስክሮች ቆመዋል። ምስክር ሲበዛ ክሱ ይጠነክራል፣ ምስክሮቹ ካልወደቁ።

የፔሩ የኢካ ድንጋዮች ዳይኖሰርና ሰው አብረው የተቀረጹባቸው ናቸው። የቀረጻቸው የአገሩ ገበሬ ከመጽሔትና ከሥዕል መጽሐፍ እያየ እንደሠራቸው ራሱ ተናግሯል። ይኼው ነው።

በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ካቺና ብሪጅ በተባለው የድንጋይ ድልድይ ሥር አንገተ ረጅም ዳይኖሰር የሚመስል ሥዕል አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት ተመራማሪዎች ቦታው ድረስ ሄደው በርቀት መነጽርና በተለያየ ብርሃን አዩት። «አንገትና ጅራቱ» እና አካሉ አንድ ሥዕል አልነበሩም፤ የተለያዩ ቅርጾች ተጠጋግተው ነው እንጂ። «እግሮቹ» ደግሞ የጭቃ እድፍ ነበሩ። ከሩቅ የተነሣ ፎቶ ላይ ግን እስከ ዛሬ ዳይኖሰር ነው።

ሦስተኛው የባቢሎን በር ነው፤ ናቡከደነፆር ያሠራው የኢሽታር በር። እዚያ ያለው አውሬ የእባብ ራስ፣ የአንበሳ የፊት እግር፣ የንስር የኋላ እግር፣ የጊንጥ ጅራት አለው። በሩን ቆፍሮ ያወጣው ጀርመናዊ ሮበርት ኮልደዌይ ራሱ በአንድ ወቅት ይህ እውነተኛ እንስሳ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ዳይኖሰር መሰሎችን ያነጻጸረ መሆኑን ጸሐፊው ጠቅሷል፤ እውነት ነው፣ ብሏል። ግን አንድ ትልቅ ቁፋሮ ያካሄደ ሰው የተናገረው ሁሉ ልክ አይሆንም። አራት እንስሳ የተሰፋበትን አውሬ ዳይኖሰር ካልን፣ ክንፍ ያለው በሬ ሲመጣ ምን ልንል ነው?

ጸሐፊው በመጨረሻ ቅዱሳት መጻሕፍት ወደሚጠሩት አውሬ ወደ ብሔሞት ይመጣል፤ ኢዮብም ሄኖክም መስክረዋል ይላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም አንባቢዬ ብዙው ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያከብር ነው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ሄኖክ ሌዋታንን በባሕር፣ ብሔሞትን በምድረ በዳ ያስቀምጣቸዋል። ጀርባው ላይ ሳህን ተደርድሯል፣ ጅራቱ ላይ እሾህ አለ የሚል ቃል ግን አላነበብኩም፤ ጸሐፊውም አልጠቀሰም። መጽሐፉ ያላለውን ድንጋዩ እንዲል፣ ድንጋዩ ያላለውን መጽሐፉ እንዲል ማድረግ ለሁለቱም ክብር አይደለም። የአንድ ሰው እምነት በአንድ የካምቦዲያ ማዕዘን ላይ ባለች ክብ ላይ መንጠልጠሉም ያሳስበኛል፤ ነገ ክቧ ከርከሮ ብትሆን ምን ሊውጠው ነው?

ከእኔ ወገን ላሉትም አንድ ነገር አለኝ። ከጽሑፉ ሥር «ውሸት ነው፣ የፊልም ሠሪዎች ናቸው የቀረጹት» ያሉ ሰዎች አይቻለሁ። ታ ፕሮም ላይ የሆሊውድ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2000 መቀረጹ እውነት ነው። ግን ከላይ ያልኩት የጉዞ መመሪያ ከዚያ ቀድሞ ወጥቷል፤ ስለዚህ ፊልም ሠሪዎቹ ሳይመጡ ክቡ እዚያው ነበር። «ቀለሙ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ፈካ ያለ ነው» የሚሉም አሉ። ይሆናል፤ በየቀኑ ስንት ቱሪስት እንደሚዳስሰው አስቡ። የእንስሳው አቀማመጥ፣ የክቡ ጠርዝ፣ የድንጋዩ ጥልቀት ሁሉ ከጎረቤቶቹ ጋር ይሄዳል። እኔ ቅርጹ የዘመኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ዳይኖሰርን ለመካድ ብለን ያልታወቀ ሰውን በሐሰት መክሰስ አያስፈልገንም።

እሺ፣ ታዲያ ምንድን ነው? እኔ ወደ አውራሪስ አዘነብላለሁ። ምክንያት አለኝ፦ ህንድ ውስጥ የእሳት አምላክ አግኒ የሚጋልበው በግ ነው፤ ክመሮች ግን በአንኮር ዋት ግድግዳ ላይ አውራሪስ አስጋለቡት። ለእነሱ አውራሪስ የሚያውቁት፣ ቀንዱን የሚሸጡት፣ ለአምላክ የሚመጥን የጫካ አውሬ ነበር። ወፍራም አካሉና ትልቅ ራሱም ይስማማል። ግን ሐቁን ልናገር፤ አፍንጫው ላይ ጉልህ ቀንድ አይታየኝም፣ ይህ ደግሞ ለአውራሪስ ትልቅ ጉድለት ነው። ከርከሮ ወይም የዱር አሳማ ነው የሚሉት ራሱንና ጆሮውን ይይዛሉ፤ አሳማ ሲቆጣ ጀርባው ላይ የሚያቆመውን ፀጉርም ያነሣሉ። እስስት ነው የሚሉም አሉ፤ እስስት ግን የዚያ አገር እንስሳ አይደለም፤ ጀርባው ላይ ክርክር ያለበት ሌላ እንሽላሊት ቢሉ ይሻል ነበር፣ ያም ቢሆን እግሮቹ ለእንሽላሊት በጣም ወፈሩብኝ። እናቴ እስከ ዛሬ «ከርከሮ ነው» ባይ ናት። ሁለተኛ ጊዜ ስጠይቃት «ነገርኩህ አይደል?» ብላ ተቆጣችኝ።

የእህቴ ልጅ ነገሩ አልዋጥ ብሎት አሻንጉሊቱን አምጥቶ ከወረቀቱ ጎን አቆመው። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ «የእኔ ጅራቱ ላይ እሾህ አለው፣ የዚህ የት ሄደ?» አለ።

ጸሐፊው ጽሑፉን ደግሞ የሚያሰራጭ ከሆነ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። ቃላቱን እንዳሉ ይተዋቸው፤ ፎቶውን ግን ሳይቆርጥ፣ ከላይና ከታች ካሉት ክቦች ጋር ይለጥፍልን።